የዓምደሚካኤል ቀይ ምልክት

ጋሩማ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ በሞተሩና በመኪናዋ ግድግዳ መካከል አስገብቶ የመጨረሻዋን ብሎን በጣቱ ጫፍ ይፈልጋል። ይህች ብሎን ለዓይን አትታይም፤ እጅ ብቻ ነው የሚያውቃት። አገኛት። ቁልፉን በላይዋ አሳርፎ ቀስ እያለ ፈታትና ከሌሎቹ አጠገብ በሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ አኖራት። ከዚያ አቧራና ዘይት የተጋገረበትን የፕላስቲክ ክዳን በሁለት እጁ እያወዛወዘ ነቅሎ አወጣው።

ከክዳኑ ሥር ጥርሳሙ የጎማ ቀበቶ፣ መካኒኮች ታይሚንግ ቤልት የሚሉት፣ ብቅ አለ። ጠርዙ መተልተል ጀምሯል። በጀርባው ላይ ግን ሁለት ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ትናንት የተቀቡ መስለው ተቀምጠዋል።

ጋሩማ እጁን በጨርቅ ጠረገና አንደኛውን መስመር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«አለህ እንዴ ዓምዴ» አለ።

ግቢው ውስጥ ብቻውን ነው። ከግቢው አጥር ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አንዲቱን ስንኝ ደጋግመው ይለማመዳሉ፤ እዚያችው ቦታ ሲደርሱ ይሳሳቱና እንደገና ይጀምራሉ።

ጋራዡ ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የእህል መጋዘን ጀርባ ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ አራት ምሰሶ ላይ የቆመ ቆርቆሮ፣ አንድ የዕቃ ሳጥንና ከአሮጌ ቸርኬ የተሠሩ ሁለት መቀመጫዎች ናቸው። አንዱ የጋሩማ ነው። ሁለተኛው ላይ የመፍቻ ቦርሳው ተቀምጧል። ቦርሳው ቦታ አጥቶ አይደለም። ደንበኛ ሲመጣ እዚያ እንዳይቀመጥ ጋሩማ ጠዋት ጠዋት ያኖርበታል። «ኦቦ ጋሩማ፣ ቦርሳውን ላንሳውና አረፍ ልበል» የሚለው ሲመጣ፣ «እሱ ይነቃነቃል፣ የእኔው ላይ ተቀመጥ» ይልና ራሱ ቆሞ ያወራል። መቀመጫው አይነቃነቅም።

የዓምደሚካኤል መቀመጫ ነበር።

ዓምደሚካኤል አባቱ ከጎጃም መጥተው ነቀምት የከተሙ ሰው ነው። ጋሩማ ደግሞ የዚሁ አገር ልጅ ነው። አንዱ ጾም ይይዛል፣ አንዱ አይይዝም። ጋሩማ በኦሮምኛ ይጀምርና ዓምደሚካኤል በአማርኛ ይጨርስለታል፤ ብዙ ጊዜም የተገላቢጦሽ ነው። ጎልማሶች ሆነው በአንድ ቆርቆሮ ሥር ገቡ፣ እዚያው ሸበቱ። በተለይ ለዚህ የቤልት ሥራ ማንም አንዱን ከሌላው ለይቶ አይጠራቸውም ነበር፤ «እነ ጋሩማ ጋ ውሰዳት» ነው የሚባለው።

ሥራው ለሁለት ሰው የተፈጠረ ነው። እንዲህ ባለው ሞተር ራስ ላይ ሁለት ካምሻፍቶች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። የሞተሩ በረኞች ናቸው፤ አንዱ የሚገባውን አየር ያስገባል፣ ሌላው የሚወጣውን ጭስ ያስወጣል። ሁለቱንም ከታች ካለው ዋና ዘንግ ጋር አስማምቶ የሚያዞራቸው ያ ጥርሳም ቀበቶ ነው። በእያንዳንዱ በረኛ ፑሊ፣ ቀበቶው በሚጠመጠምበት ጥርሳም መዘውር፣ ጠርዝ ላይ ፋብሪካው የቆረጣት ትንሽ ጭረት አለች፤ ከኋላዋ በሞተሩ አካል ላይ ደግሞ ጓደኛዋ። ቤልት ሲለወጥ ጭረቶቹ ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። ችግሩ፣ አሮጌው ቤልት ሲወጣ ከሥር ያሉት ስፕሪንጎች ይገፉና ካምሻፍቱ ሳይታሰብ ዘሎ ይዞራል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱን በቁልፍ አንቆ ይይዛል፣ ሌላው አዲሱን ያጠልቃል። በአንዲት ጥርስ ከተዛነፈ በረኛው በሩን ያለጊዜው ይከፍታል፤ መኪናዋ ትሄዳለች፣ ግን እንደ ታማሚ ነው። ከዚያ በላይ ከተዛነፈ ፒስተኑ የተከፈተውን በር፣ ቫልቩን፣ መትቶ ያጎብጠዋል።

ለዚህ ለሁለቱ ብቻ የሆነ ሕግ ነበራቸው። ያጠለቀ ሰው አይመሰክርም። ቤልቱን ያስገባው ዞር ይላል፤ የያዘው ሰው ሞተሩን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ፣ የእጅ ባትሪ አብርቶ፣ ጭረቶቹን አይቶ «አይቻለሁ» ካለ በኋላ ነው ክዳኑ የሚገጠመው። ያጠለቀው ሰው በሁለቱ ፑሊዎች ጥርስና በቤልቱ ጀርባ ላይ የሚስበው የምልክት መስመርም በየግል ቀለማቸው ነው፤ የጋሩማ ነጭ፣ የዓምደሚካኤል ቀይ። የሴቶች የጥፍር ቀለም ነው፤ ዘይት ቶሎ አያስለቅቀውም። ገበያ ሄደው የገዙ ዕለት ሻጯ ልጅ ሁለቱን ሽማግሌዎች አይታ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አባባ፣ ቀዩ ለየትኛችሁ ነው?» አለች።

«ለእኔ» አለ ዓምደሚካኤል። «እሱ ገና ሙሽራ ስለሆነ ነጩን ስጪው።»

ጋሩማ ይህን ባስታወሰ ቁጥር ፈገግ ይላል። አሁንም ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

መኪናዋ የሮብሳን ናት። ሮብሳን በኮንትራት ሰው ጭኖ እስከ ኑኑ ቁምባ የሚመላለስ ወጣት ሾፌር ነው፤ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደግ። ዛሬ ጠዋት መኪናዋን ሲያስረክበው፣ «ኦቦ ጋሩማ፣ ዳገት ላይ ስትደርስ ጊደር ሆነች እኮ። ባለፈው ሁለት ወፍራም ነጋዴዎች ወርደው በእግራቸው ቀደሙኝ፤ ላይ ደርሰው ሙዝ እየበሉ ጠበቁኝ» ብሎታል። ጋሩማም መኪና ያረጃል ብሎ አለፈው።

ይህቺን መኪና ባለፈው ጊዜ ቤልት የለወጠላት ዓምደሚካኤል ነው፤ ያውም ብቻውን። የጋሩማ ሚስት፣ ወይዘሮ ቀለሟ፣ ያረፈችበት ሳምንት ነበር። ዓምደሚካኤል ከድንኳኑ አልጠፋም። አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው፣ ከሩቅ የመጣውን ዘመድ መናኸሪያ ወርዶ የተቀበለው እሱ ነው፣ ሌሊቱን ከጋሩማ ጎን ጋቢ ለብሶ ያሳለፈው እሱ ነው። ጋሩማ ከእንቅልፉ በባነነ ቁጥር ዓምደሚካኤል ቁጭ ብሎ ያየዋል። በዚያ መሃል የሮብሳን ቤልት ሊበጠስ ደረሰና ዓምደሚካኤል ከድንኳኑ ወጥቶ ሄዶ ሠርቶላት ተመለሰ። በኋላ ነው የነገረው።

«ሀዘንተኛ ሞተር ላይ አይጎነብስም ብዬ ብቻዬን ጨረስኳት» አለው። «በአንድ እጄ ቁልፉን፣ በአንድ እጄ ቤልቱን፣ በጉልበቴ ደግሞ መኪናዋን። ከአሁን ወዲያ አንተ ምን ታደርግልኛለህ? ደሞዝህን ፈልግ።»

ከዚያ ወዲያ ይህ ቀልድ የሰላምታ ያህል ሆነ። በቀጣዩ ክረምት ግን ዓምደሚካኤል አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጁ አልተመለሰም፤ ምላሱም በአንድ በኩል ይጎትታል። ልቡናው ግን እንዳለ ነው። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ፣ በድምፃቸው ብቻ እያዳመጠ የሚያልፉትን መኪናዎች በሽታ ይናገራል።

ጋሩማ ባለፈው እሑድ ሊጠይቀው ሄዶ ነበር። ብዙ የሚያወሩት አልነበራቸውም፤ እጅ ሥራ ሲፈታ አፍም ነገር ያጣል። ጨዋታ ለመጀመር ያህል ጋሩማ፣ «የሮብሳን መኪና ለቤልት ልትመጣ ነው» አለ።

ዓምደሚካኤል ቀና አለ። «እሷ… ብቻዬን የሠራኋት?»

«እሷው።»

«አሮጌውን… አምጣልኝ። ቀዩን ልየው።»

ሚስቱ እማዋይሽ ከጓዳ ሳቀች። «እዩልኝ እንግዲህ፤ ሌላው በሽተኛ ብርቱካን አምጡልኝ ይላል፣ የእኔው የመኪና ቀበቶ ያማረዋል።»

ዓምደሚካኤል አልሳቀም። ግራ እጁ የማይሰማውን ቀኝ እጁን ከጭኑ ላይ አንስቶ ወደ መሃል አስተካከለው። «እማዋይሽ ቁልፌን ትቆልፍልኛለች» አለ፤ የሸሚዙን ማለቱ ነው። «ማንኪያ… እሷ ናት። ያቺን ግን ብቻዬን ነው የሠራኋት። አምጣልኝ።»

«አመጣልሃለሁ» አለ ጋሩማ። ከቤቱ ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር፤ የሚመለስበት ምክንያት አግኝቷልና።

እንግዲህ ዛሬ ያ ቤልት ፊቱ ነው።

ጋሩማ ረጅሙን ቁልፍ በታችኛው ዘንግ ብሎን ላይ አጥልቆ ሞተሩን በእጁ ማዞር ጀመረ። የመጀመሪያው ፒስተን ጫፍ ላይ ሲደርስ አቆመ። ባትሪውን አበራ። የማስገቢያው ካምሻፍት ጭረት ከጓደኛዋ ጋር ልክ ለልክ ተያይታለች። ባትሪውን ወደ ማስወጫው አዞረ።

ጭረቷ ከቦታዋ አለፍ ብላለች።

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገ። ያው ናት። የቆምኩበት ይሆናል ብሎ ወደ ሌላው ጎን ዞረና ተንጋዶ አየ። ያው ናት። ሞተሩን እንደገና ሁለት ዙር አዙሮ መለሰው። ጭረቷ አንዲት ጥርስ ያህል አልፋ፣ ምንም እንዳላጠፋች ሁሉ እዚያው ቆማለች።

ቤልቱ ዘሎ ይሆናል አለ በልቡ። አርጅቶ ሲላላ ይዘላል፤ ያጋጥማል። ቢሆን ደስ ባለው። ግን የዘለለ ቤልት ቀለሙ ከፑሊው ቀለም ይለያያል። እዚህ በቤልቱ ላይ ያለው ቀይ በፑሊው ጥርስ ላይ ካለው ቀይ ጋር አንድ መስመር ነው፤ ብሩሹ ሳይነሳ በአንድ ጊዜ የተሳበ። የዓምደሚካኤል አሳሳብ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ ግራ ይሰበራል። በሁለቱ ቀይ መስመሮች መካከል ያሉትን ጥርሶች በጥፍሩ እየነካ ቆጠራቸው። ልክ ከተገጠመ ስንት እንደሚሆኑ ሁለቱም በቃላቸው ያውቁታል። አንዲት ጎደለች። ደግሞ ቆጠረ፤ ጎደለች።

ጋሩማ በገዛ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ።

እንግዲያስ የዳገቱ ነገር ይህ ነው። ሮብሳን መኪናዬ ሰነፈች እያለ፣ ካንዴላ እየለወጠ፣ ነዳጅ ይከፋል እያለ ያን ሁሉ ጊዜ የዞረው በዚህች በአንዲት ጥርስ ነው። ዓምደሚካኤል እንዲህ የሚሳሳት ሰው አልነበረም። እጁ እንደ ሐኪም እጅ ነበር። ጋሩማ ያን ሳምንት መልሶ አሰበው፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ በባነነ ቁጥር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየውን ሰው። ያ ሰው መቼ ተኛ? ዓይኑ ቀልቶ፣ ጉልበቱ ዝሎ፣ ከለቅሶ ቤት ተነስቶ ሄዶ ነው ሞተር ላይ የጎነበሰው። «አይቻለሁ» የሚልለት ሰው ደግሞ ድንኳን ውስጥ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ተቀምጦ ነበር።

መዘምራኑ ያቺን አስቸጋሪ ቦታ ዛሬም ሳያልፏት ቀርተው ልምምዳቸውን አቆሙ። ግቢው ጭር አለ።

ጋሩማ ተነሳ። የማስወጫውን ካምሻፍት ወደ ቦታው መለሰው። ዓምደሚካኤል ከወደቀ ወዲህ የሁለተኛ ሰው እጅ አድርጎ የሚጠቀምባት ከወይራ የጠረባት ሽብልቅ አለችው፤ በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ሲወትፋት አንቃ ትይዛቸዋለች። እንጨት ናት፤ አትሳደብም፣ አትቀልድም። አሮጌውን አወጣ። አዲሱን ከታች ጀምሮ እያጠበቀ አጠለቀው፣ መወጠሪያውን ለቀቀ፣ ሽብልቋን ነቀለ። ሁለት ሙሉ ዙር በእጁ አዞረ፤ ምንም የሚነካ ነገር የለም።

ያጠለቀ ሰው አይመሰክርም። ለዚህም ብቻውን ከሆነ ወዲህ ያበጀው ዘዴ አለው። እጁን ታጠበ፣ ጃኬቱን ለበሰ፣ ከግቢው ወጥቶ እስከ አስፋልቱ ሄደ። ሙዝ ለምትሸጠው ሴት ሰላምታ ሰጠ፣ የከብት ነጂ አሳለፈ፣ ትንሽ ቆመ። ከዚያ እንደ እንግዳ በሩን ገፍቶ ገባና፣ ሥራው የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ባትሪ አብርቶ አንገቱን አስግጎ አየ። ሁሉም ጭረት ከጓደኛው ጋር ተያይቷል።

«አይቻለሁ» አለ ጮክ ብሎ።

ክዳኑን ገጥሞ ሲያበቃ ስልኩ ጮኸ። እማዋይሽ ናት።

«ወንድም ዓለም፣ እንደምን ዋልክ? ይኸው ከምሳ ጀምሮ በር ላይ ነው። ጢሜን ላጩኝ ብሎ ጎረቤት አስቸግሮ ተላጭቷል። ሙሽራ ይመጣል እንዴ ብለው ሳቁብን። ቤልቱ ወጣ ወይ በይልኝ ይላል።»

«ወጥቷል እትዬ።»

ወደ ባሏ ዞራ ስትናገር ተሰማው። ከዚያ፣ «ቀዩስ ይላል?»

ጋሩማ በዕቃ ሳጥኑ ላይ ወደተጋደመው ቤልት አየ። «ቀዩ አልለቀቀም በይው። ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው።»

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የዓምደሚካኤል ሳቅ መጣ፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣው ሳቁ። ጋሩማ ይህን ሳቅ ከሰማ ቆይቷል።

«በል እንግዲህ፣ ዛሬውኑ ይዘህ ና ይላል» አለች እማዋይሽ። «እኔም ልንገርህ፣ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እንዳትቀር።»

«እመጣለሁ» አለ።

ስልኩን ኪሱ ከተተና ቆመ። ዓምደሚካኤል ቤልቱን ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ይዘረጋዋል። ቀዩን ይዳስሳል። ከዚያ ማንም ሳይነግረው፣ እንደ ልማዱ፣ ከቀይ እስከ ቀይ በጥፍሩ ይቆጥራል።

ከሳጥኑ ጥግ የዓምደሚካኤልን የቀለም ጠርሙስ አወጣ። ከታች በኩል ጥቂት ቀርታ ደርቃለች፤ ብሩሹ ተጣብቋል። በቲነር ትለሰልሳለች። አንደኛውን መስመር በቤንዚን አጥፍቶ አንዲት ጥርስ አለፍ አድርጎ ቢስለው፣ መጨረሻውንም ትንሽ ወደ ግራ ቢሰብረው፣ ማን ያውቃል? ጨርቁን ቤንዚን ነክሮ ወደ ቀዩ አስጠጋ። እጁ እዚያ ላይ ቆመ። በዚህ ግቢ ውስጥ ከዓምደሚካኤል እጅ የወጣ፣ ያልተነካ ነገር ከዚህች መስመር ሌላ አልቀረም። ጨርቁን ጣለው።

ሮብሳን ሲመጣ መኪናዋን ለመሞከር ሁለቱም ተሳፍረው ወደ ዳገቱ ወጡ። መኪናዋ የድሮ ጉልበቷን አግኝታ ሽቅብ ተምዘገዘገች። ሮብሳን መሪውን ይዞ በመገረም ራሱን ነቀነቀ።

«ኦቦ ጋሩማ፣ ምን አጠጧት? ይቺ የእኔዋ ናት? አሁን ነጋዴዎቹ ይምጡ፣ ሙዛቸውን እዚሁ ታች ይብሉ።» ማርሽ ለወጠና ደግሞ፣ «ግን አንድ ነገር ልበልዎ? የደከመችው እኮ ያኔ ቤልቷ ከተለወጠ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ጋሽ ዓምደሚካኤል ነበሩ አይደል የሠሯት? ምናልባት…»

«ቤልቱ አርጅቶ ነበር» አለ ጋሩማ።

«አዲስ ሆኖ ሳለም እኮ…»

«ሮብሳን፣ የኔ ልጅ፣ መኪናም እንደ ሰው ነው። የደከመው መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል። ዛሬ ድናለች አይደል?»

«ድናለች።»

«እንግዲያ ተዋት።»

ሮብሳን ተዋት። ጋራዡ መልሶ ሲያወርደው፣ «ዋቅኒ ሀርካ ኬሰን ሃ ኤቢሱ» ብሎ እጁን መረቀለት፤ ከዚያም ሳጥኑ ላይ ያለውን አሮጌ ቤልት አይቶ፣ «እቺን ለዕቃ ማሰሪያ ልውሰዳት እንዴ?» አለ።

«እሷ ሰው አላት» አለ ጋሩማ፤ አንስቶም ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።

ፀሐይዋ ከመጋዘኑ ጣሪያ በታች ስትወርድ ግቢውን ዘጋ። ቦርሳውን ከዓምደሚካኤል መቀመጫ ላይ አንስቶ ወደ ሳጥኑ አስገባ፤ ማታ ማታ መቀመጫው ባዶውን ያድራል። ፊቱን ታጥቦ ፀጉሩን በእጁ አስተካክሎ ነበር፤ ሰው ሊጠይቅ እንደሚሄድ ሰው። ሙዝ ሻጯ ዘንድ ቆሞ ሙዝ ሊገዛ አሰበና ተወው። ሙዝ ይዞ ቢሄድ ቤልቱ የታለ መባሉ አይቀርም። የለም፣ ጣልኩት ቢል፣ ተላጭቶ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ነው። ይኸው ቢል ደግሞ ያ ቆጣሪ ጥፍሩ አለ፤ የጎደለችውን ጥርስ ያገኛታል።

አስፋልቱ ዳር ባጃጆች ተደርድረዋል። ሊነሳ የደረሰው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ ይጣራል።

«ቡርቃ ጃቶ! ነማ ቶኮ! አንድ ሰው የቀረው! አባባ፣ ቡርቃ ጃቶ ነዎት?»

ጋሩማ አንድ እርምጃ ቀረበ። ኪሱ ውስጥ ጣቶቹ ቀዩን መስመር አግኝተው በላዩ አርፈዋል፤ ከዚያም ሳያስበው ጥርሶቹን ወደ ሁለተኛው መስመር መቁጠር ጀመሩ። ስልኩ በሌላው ኪስ ውስጥ ጮኸ። ማን እንደሆነ ለማየት አላወጣውም።

«አባባ?» አለ ሾፌሩ።

ጋሩማ በሌላው እጁ ሂድ አለው። ባጃጇ ጥቂት ቆይታ፣ የቀረችውን አንዲት ቦታ ባዶዋን ይዛ ቁልቁል ወደ ቡርቃ ጃቶ ወረደች። እሱም እጁን ከኪሱ ሳያወጣ በሌላው መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ።